ዘጠነኛውን ማን ይዝጋው?

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል አንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። በቤዝቦል ጨዋታ መሃል ተቀይሮ የሚገባ ወርዋሪ፣ ሪሊቨር የምንለው፣ በሲዝኑ መሃል ሲጎዳ ምን ይደረጋል? በተለይ ክሎዘሩ፣ ማለትም ዘጠነኛውንና የመጨረሻውን የጨዋታ ክፍል (ኢኒንግ) ወርውሮ ድሉን የሚያስጠብቀው ሪሊቨር። ደጋፊም ጽፏል፣ አሰልጣኝም፣ የተጎዳው ሰው ራሱም። ረጃጅሞቹን አሳጥሬ፣ ስድቡንም አውጥቼ (ለቡድን ሐኪሞች የተላከው ስድብ ብቻ አንድ ገጽ ይወጣዋል) አቅርቤያቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

ጥያቄ፦ የቡድናችን ክሎዘር ክርኑን ይዞ ከሜዳ ከወጣ ሦስት ሳምንት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጨዋታ እየመራን ዘጠነኛው ኢኒንግ ላይ ተበላን። አሁን ስምንተኛው ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ እተኛለሁ፣ እንቅልፍ ግን የለም። ዓመቱ አለቀ ልበል? ወይስ ቡድኑ ገንዘቡን አውጥቶ ስም ያለው ክሎዘር ይግዛ?
እንቅልፍ ያጣሁት

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ገና ነው። መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። አንድ የሜጀር ሊግ (የአሜሪካው ከፍተኛ ሊግ) ቡድን በመደበኛው ሲዝን 162 ጨዋታ ይጫወታል። ይህ ወደ 1,450 ኢኒንግ ይሆናል። አንድ ክሎዘር በደህና ዓመቱ የሚወረውረው 60 ወይም 70 ኢኒንግ ነው፣ ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም። እርግጥ እነዚያ ኢኒንጎች ልብ የሚያቆሙት ናቸው። ለዚህ ነው ጉድለቱ ከመጠኑ በላይ የሚሰማህ።

ትልቁ ችግር ግን አንተ የምታየው ቦታ ላይ አይደለም። ክሎዘሩ ሲወጣ ስምንተኛውን ይይዝ የነበረው ወደ ዘጠነኛ ይሄዳል፣ የሰባተኛው ወደ ስምንተኛ፣ እና እስከ ትናንት ድረስ ቡድኑ በስድስት ነጥብ ሲመራ ወይም ሲመራበት ብቻ ይገባ የነበረው ልጅ አሁን ሁለት ሰው ቤዝ ላይ ቆሞ፣ በአንድ ነጥብ ልዩነት፣ ሰባተኛው ላይ ኳሱን ይቀበላል። ሁሉም አንድ ደረጃ ከአቅሙ በላይ ወጣ ማለት ነው። ሽንፈቱ ዘጠነኛው ላይ ይመዘገባል፣ ቀዳዳው ግን ብዙ ጊዜ ስድስተኛና ሰባተኛው ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ቡድኑ ገበያ ሲወጣ መፈለግ ያለበት አንድ ባለ ስም ሳይሆን ሰባተኛውን የሚሸከሙ ሁለት ጤነኛ ክንዶች ናቸው ባይ ነኝ። ዋጋውም ይረክሳል። ብቻ የዝውውሩ መስኮት ጁላይ ማለቂያ አካባቢ እንደሚዘጋ አትርሳ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሌሎች ያሰናበቱትን መልቀም ነው።

ምሳሌ ልስጥህ። ሜይ 3 ቀን 2012 ካንሳስ ሲቲ ላይ ማሪያኖ ሪቬራ፣ በታሪክ ትልቁ ክሎዘር፣ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ለሰውነት ማሟሟቂያ ኳስ ሲያሳድድ የቀኝ ጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ዕድሜው 42 ነበር። ቡድኑ ያንኪስ አለቀለት ተባለ። ዴቪድ ሮበርትሰን ተራውን ያዘ፣ ብዙም ሳይቆይ እሱም ጎኑን ተጎዳ። ከዚያ ኳሱ ራፋኤል ሶሪያኖ እጅ ገባ። ሶሪያኖ 42 ሴቭ (በጠባብ ልዩነት የሚመራ ቡድኑን ድል እስከ መጨረሻው ያስጠበቀባቸው ጨዋታዎች) ሰበሰበ፣ ቡድኑም 95 ጨዋታ አሸንፎ ምድቡን አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ተአምር አይደለም። ሶሪያኖ ከሁለት ዓመት በፊት ታምፓ ቤይ ላይ 45 ሴቭ የነበረው ሰው ነው። መድኃኒቱ ቤት ውስጥ፣ ከሪቬራ ጀርባ ተቀምጦ ነበር።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እይ። ኦገስት 2023 ላይ የባልቲሞር ኦሪዮልስ ክሎዘር ፌሊክስ ባውቲስታ የክርን ጅማቱ ተጎዳ። 33 ሴቭ ነበረው። ቡድኑ እንደምንም ገፍቶ 101 ድል ላይ ቢደርስም በጥሎ ማለፉ በቴክሳስ ሦስት ለባዶ ተጠራርጎ ወጣ። ለ2024 ክሬግ ኪምብረልን በ13 ሚሊዮን ዶላር አመጡት። ከ400 በላይ ሴቭ ያለው ሰው! መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር፣ ከሲዝኑ አጋማሽ በኋላ ግን ኳሱ አልታዘዝ አለው፣ እና ሴፕቴምበር ላይ፣ ለጥሎ ማለፉ ሁለት ሳምንት ሲቀር፣ አሰናበቱት። በስም ብቻ መግዛትን የምፈራው ለዚህ ነው።

ሁሉንም በክሎዘሩ ማሳበብም ልክ አይደለም። የኒውዮርክ ሜትስ ክሎዘር ኤድዊን ዲያዝ ማርች 2023 ላይ ማያሚ ውስጥ ለአገሩ ለፖርቶ ሪኮ ተሰልፎ ዶሚኒካንን አሸንፈው ሲጨፍሩ ጉልበቱ ተጎድቶ ዓመቱን ሙሉ አልተጫወተም። አምስት ዓመት በ102 ሚሊዮን ዶላር ከፈረመ ገና ወራት ነበሩ። የእሱ ሜትስ ከ101 ድል ወደ 75 ወረደ። ደጋፊው ሁሉ «ዲያዝ ቢኖር ኖሮ» ይል ነበር። ቦታውን የሸፈነው ግን ያው ሮበርትሰን ነበር፣ ጥሩም ሠርቷል፣ እስኪሸጡት ድረስ። ቡድኑ የወደቀው ያረጁ ስታርተሮቹ (ጨዋታ የሚጀምሩት ወርዋሪዎች) ስላልሆኑለት ጭምር ነው። አንድ ክሎዘር 26 ጨዋታ አያሸንፍም።

እና ዛሬ ማታ ቴሌቪዥኑን አታጥፋው። ዘጠነኛውን ተወውና ሰባተኛው ላይ ማን እንደሚገባ እይ፣ ቡድንህ መፍትሔ እንዳለውና እንደሌለው እዚያ ይታይሃል።

ጥያቄ፦ «የ15 ቀን የጉዳተኞች ዝርዝር» ብለው ነገሩን፣ ሁለት ወር ሆነው። ዋሽተውናል?
ቀን ቆጣሪዋ

መልስ፦ አልዋሹም እህቴ፣ ግን ሁሉንም አልነገሩሽም። 15 ቀን ለወርዋሪ ዝቅተኛው ነው፣ ለሌሎች ተጫዋቾች 10 ነው። ዝቅተኛ ማለት ከዚያ በፊት አይመለስም ማለት እንጂ በዚያ ቀን ይመለሳል ማለት አይደለም። ወደ 60 ቀኑ ዝርዝር ሲያዛውሩት ደግሞ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሐኪሙ ብቻ አይደለም፣ 60 ቀን ላይ ያለ ሰው ቡድኑ መያዝ ከሚፈቀድለት 40 ተጫዋቾች ቁጥር ስለሚወጣ ለሌላ ሰው ቦታ ይለቃል። ደመወዙ አይቋረጥም።

አንድ ነገር ልንገርሽ፦ ቀኑን ትተሽ ቃሉን አድምጪ። «ድካም»፣ «ትንሽ እብጠት» ሲሉ ብዙ አልደነግጥም። «የክንዱ የታችኛው ክፍል ጠነከረበት» ሲሉ ግን ልቤ ይወርዳል፣ ምክንያቱም ይህ ብዙ ጊዜ የክርኑ ጅማት የሚልከው የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው። ከዚያ በታችኛው ሊግ ለልምምድ ጨዋታ መላኩን ከሰማሽ ተስፋ አድርጊ። ወርዋሪ እዚያ የሚቆየው ቢበዛ 30 ቀን ነው፣ እንግዲህ ያኔ ቁጠሪ።

ጥያቄ፦ ከ17 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች አሰለጥናለሁ። ከሦስት ሪሊቨሮቼ ምርጡ ትከሻውን አሞታል፣ እሱ ግን «ደህና ነኝ ኮች» ይላል። ሌሎቹ ሁለቱ ደክመዋል። የቀረን ስድስት ሳምንት ነው። ልጁን ቀስ እያልኩ ባስገባውስ?
የተቸገረው አሰልጣኝ

መልስ፦ አታስገባው። ይህን ያለ ምንም «ግን» ነው የምልህ።

«ደህና ነኝ» የሚለውን ቃል ከወርዋሪ አፍ አልቀበልም፣ ምክንያቱም እኔም ብየዋለሁ። በእነሱ ዕድሜ ሳለሁ ትከሻዬን ደብቄ አንድ ወር ወረወርኩ። ዛሬ ከመደርደሪያ ላይ ዕቃ የማወርደው በግራ እጄ ነው። ልጁን ከመጠየቅ ኳሱን እይ። ፍጥነቱ ቀንሷል? ዝቅ ማለት የነበረበት ኳስ ከፍ እያለ ይሄዳል? በሁለት ውርወራ መሃል እጁን ያራግፋል? ክርኑ ከበፊቱ ዝቅ ብሎ ነው የሚመጣው? የክርኑ የውስጥ ጎን ካመመው ወይም ትንሿ ጣቱና የቀለበት ጣቱ ከደነዘዙ በዚህ ሳምንት ሐኪም ይየው፣ ጨዋታ እስኪያልቅ አትጠብቅ።

አሁን ወደ ቀሩት ሁለቱ። ያለህ ሀብት የውርወራ ቁጥር ነው፣ እንደ ገንዘብ ያዘው። አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ዕድሜ የወጣው መመሪያ ግልጽ ነው፦ እስከ 30 ውርወራ ከሆነ በማግስቱ መወርወር ይችላል፣ ከ31 እስከ 45 አንድ ቀን ያርፋል፣ ከ46 እስከ 60 ሁለት፣ ከ61 እስከ 80 ሦስት፣ ከ81 በላይ አራት ቀን። በቀን ከ105 አይለፍ። ሦስት ቀን በተከታታይ አይወርውር። የወረወረ ልጅ በዚያው ጨዋታ ካቸር (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ የሚቀበለው) ሆኖ አይግባ፣ ካቸርም ክንዱን ይጨርሳል።

መዝገብ ላይ የማይጻፈው ግን የቡልፔኑ (ሪሊቨሮች ከመግባታቸው በፊት የሚሟሟቁበት ቦታ) ውርወራ ነው። ልጁን በአምስተኛው አስነሣኸው፣ ሃያ ኳስ ወረወረ፣ «ቆይ ተቀመጥ» አልከው። በሰባተኛው ደግመህ አስነሣኸው። በስምንተኛው አስገባኸው። አንተ ደብተርህ ላይ 18 ውርወራ ጻፍክ፣ ክንዱ ግን ወደ 60 ቆጥሯል። ብዙ ሪሊቨር የሚደክመው በዚህ ነው፣ ማንም አያየውም። እኔ ብሆን ደንቤ ይህ ነው፦ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ያልገባ ልጅ በዚያ ምሽት አይገባም፣ ዓለም ቢገለበጥም።

ተጨማሪ ክንድ ከየት ይምጣ? ስታርተሮችህ በሁለት ጨዋታ መሃል የልምምድ ውርወራ የሚያደርጉበት ቀን አለ አይደል? ያንን ልምምድ ጨዋታ ውስጥ አንድ ኢኒንግ አድርገው፣ ለዚያ ቀን ልምምድ ይቅር። በሕጉ መሠረት ዕረፍቱን መጨረሱን ብቻ አረጋግጥ። ደግሞ ሾርትስቶፕህን (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሃል የሚቆመውን ተጫዋች) ተመልከት፣ በየቡድኑ ክንዱ የሚያስደንቅ አንድ ሾርትስቶፕ አይጠፋም። ፋስትቦል (ቀጥ ያለው ፈጣን ኳስ) እና አንድ ቀርፋፋ ኳስ ይበቃዋል፣ ከርቩን (ታጥፎ የሚወርደውን ኳስ) ለሚቀጥለው ዓመት ተወው። በዘጠኝ ነጥብ ስትመራበት ደግሞ ማንንም አታባክን፣ ከሜዳ ተጫዋቾች አንዱን አስገባና ሳቁ። በሜጀር ሊግም ስምንት ነጥብና ከዚያ በላይ የሚመራበት ቡድን ወርዋሪ ያልሆነ ሰው እንዲያስገባ ሕጉ ይፈቅድለታል።

የመጨረሻው ነገር፣ «የእኔ ክሎዘር» የሚለውን ሐሳብ ለስድስት ሳምንት እርሳው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። የተጋጣሚህ ጠንካራ መቺዎች ሰባተኛው ላይ ከመጡ ጠንካራውን ልጅ ያኔ አስገባው፣ ዘጠነኛውን የተረፈው ይሞክረው። አንዳንዱን ትሸነፋለህ። ስታስገባቸው ግን ምክንያቱን ንገራቸው፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከስድስተኛ ወደ ዘጠነኛ፣ ከዘጠነኛ ወደ ሰባተኛ ሲንከራተት የተቀጣ ይመስለዋል።

ጥያቄ፦ እኔ የተጎዳሁት ሪሊቨር ነኝ። አማተር ሊግ ነው፣ ግን ለእኔ ሁሉ ነገሬ ነው። የክርን ቀዶ ሕክምና ከተደረገልኝ አራት ወር ሆነኝ። ጨዋታ ላይ ሄጄ መቀመጥ ሞት ሆነብኝ። ይባስ ብሎ የተካኝ ልጅ ጎበዝ ነው። ሲሳካለት ደስ አይለኝም፣ በዚህም አፍራለሁ።
ከዳር የተቀመጠው

መልስ፦ በማፈርህ አትፈር። እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ትንሽ ነው፣ የሚሰማው ግን ሁሉም ነው። ቦታህን የያዘ ሰው ሲሳካለት የሆነ ቦታ ይቆነጥጣል። መቆንጠጡን አታቆመውም። የምታውቀውን ልትነግረው ግን ትችላለህ፣ የትኛው መቺ የመጀመሪያዋን ኳስ እንደማይነካ፣ የትኛው ከፍ ያለ ፋስትቦል እንደሚያሳድድ። ከዋናው ወንበር ይልቅ ቡልፔኑ ውስጥ ከእነሱ ጋር ተቀመጥ፣ ደብተር ያዝ፣ ውርወራ ቁጠር። ሥራ ያለው ሰው እንደ ጎብኚ አይሰማውም።

ስለ ጊዜው ደግሞ ሐቁን ልንገርህ። ይህን ቀዶ ሕክምና ዶክተር ፍራንክ ጆብ ሴፕቴምበር 1974 ላይ ለዶጀርሱ ወርዋሪ ቶሚ ጆን ሲያደርጉለት የተቀደደውን ጅማት በሌላኛው ክንዱ ጅማት ተኩት። ቶሚ ጆን 1975ን ሙሉ አልተጫወተም። ከተመለሰ በኋላ ግን እስከ 1989 ወረወረ፣ በሕይወቱ ካሸነፋቸው 288 ጨዋታዎች 164ቱ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የመጡ ናቸው። ዛሬም የተለመደው ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ነው። አንተ አራተኛው ላይ ነህ። የጅማቱ ቁስል የአንተን ፍላጎት አያውቅም።

ደረጃዎቹን አትዝለል፦ በአጭር ርቀት ቀስ ብሎ መወርወር፣ ርቀቱን መጨመር፣ ከዚያ ከማውንዱ (ወርዋሪው ከሚቆምበት ጉብታ) ላይ፣ ከዚያ መቺ ፊት ቆሞ። ለሪሊቨር ደግሞ የራሱ የሆነ የመጨረሻ ፈተና አለ፣ ሁለት ቀን በተከታታይ መወርወር። ዛሬ 20 ኳስ ወርውሮ ደህና መሆን ቀላል ነው። ጥያቄው ነገ ጠዋት ከአልጋ ስትነሣ ክንድህ ምን ይላል የሚለው ነው። እሱን ሳታልፍ ተመለስኩ ካልክ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሆናል።

ከላይ ሮበርትሰንን ሁለት ጊዜ አንስቼዋለሁ፣ ሌሎች ሲጎዱ የሚጠራው ሰውዬ። እሱም በኦገስት 2019 ይህንኑ ቀዶ ሕክምና አድርጎ፣ 2020ን ሳይጫወት አሳልፎ፣ በ2021 ከአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ጋር ቶኪዮ ኦሎምፒክ ሄዶ የብር ሜዳሊያ ይዞ ተመለሰ። ዲያዝን የተካው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ሪቬራም ጉልበቱ በተጎዳ ማግስት እመለሳለሁ አለ፣ ተመልሶም በ43 ዓመቱ 44 ሴቭ ሠራ። የተካህ ልጅ አሁን ከያዘው ቦታ ላይ ላይነሣልህ ይችላል፣ ይህንንም ከወዲሁ እወቀው። ግን ሁለት ጥሩ ሪሊቨር በዛብኝ ያለ አሰልጣኝ እስከ ዛሬ አላየሁም።

ጥያቄ፦ ክሎዘር ከሌለ ምርጡን ስታርተር ዘጠነኛው ላይ ለምን አያስገቡትም?
ቀላል መፍትሔ ያለኝ

መልስ፦ ያስገቡታል፣ ኦክቶበር ላይ፣ በጥሎ ማለፉ። በ2014 ዎርልድ ሲሪስ (የፍጻሜው ተከታታይ ጨዋታዎች) ሰባተኛ ጨዋታ የጃያንትሱ ስታርተር ማዲሰን ባምጋርነር ሁለት ቀን ብቻ አርፎ መጥቶ አምስት ኢኒንግ ዘጋ፣ ጃያንትስም ካንሳስ ሲቲን 3 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ከዚያ በኋላ ግን ጨዋታ አልነበረም። ጁን ላይ ይህን ብታደርግ ሐሙስ ማን ይጀምርልሃል?

ጥያቄ፦ የእኛ ሪሊቨር የተጎዳው ከጨዋታ ውጪ ነው ተባለ፣ እንዴት እንደሆነ ግን አይነግሩንም። የሆነ ነገር እየደበቁን ነው አይደል?
ጠርጣራው

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፣ ግን እውነቱ አንዳንዴ ለመናገር የሚያሳፍር ዓይነት ስለሆነም ነው። በ2006 የዲትሮይቱ ጆኤል ዙማያ በጥሎ ማለፉ ወቅት ክንዱን ያመመው በጊታር ቪዲዮ ጌም ምክንያት ነበር። በ2021 የሚልዋኪው ዴቪን ዊሊያምስ ቡድኑ ምድቡን ያሸነፈ ለት ሲያከብር አምሽቶ ግድግዳ በቡጢ መታና የሚወረውርበትን እጁን ሰበረ፣ ጥሎ ማለፉም አመለጠው። ራሱ ወጥቶ ተናግሯል፣ ለዚህ አከብረዋለሁ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይሉ የለ።

እና አዎ፣ ሮበርትሰን እዚህም አለ። ኦክቶበር 2022 ላይ ለፊላዴልፊያ ሲጫወት ብራይስ ሃርፐር ሆም ረን (ከሜዳው አጥር በላይ የሚያልፍ ምት) ሲመታ በደስታ ዘለለና ባቱን ተጎዳ። የሚቀጥለው ዙር ሙሉ በሙሉ አመለጠው። ከዚያ ድኖ ተመለሰ፣ በዎርልድ ሲሪሱ የመጀመሪያ ጨዋታም አሥረኛውን ኢኒንግ የዘጋው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ሲዘል ግን አላየሁትም።